«ጊደሯን በብድር ልውሰድ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ሁለት የሐበሻ ላሞች አሉኝ። የቀበሌያችን የእንስሳት ባለሙያ «በሌማት ትሩፋት ተደራጁና እርጉዝ ክልስ ጊደር በብድር ውሰዱ» ይለናል። ባለቤቴ ዕዳ ውስጥ አልገባም አለ። ጎረቤቴ አምና የወሰደቻቸው የ45 ቀን ጫጩቶችም አብዛኞቹ አልቀውባታል። እኔ ግን ልቤ ጊደሯ ላይ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ወዶ አይደለም የሚፈራው። እኔ ጡረታ እስክወጣ የከብት ሰው ሠራሽ አዳቃይ ቴክኒሻን ነበርኩ። በብድር መጥታ ልጆች ያስተማረች ላም አይቻለሁ፤ ዕዳዋ ሳያልቅ የሞተችም አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚለያቸው መኖ ነው።

የሌማት ትሩፋት የሚባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ዶሮውንና ማሩን በየቤቱ ለማብዛት ነው የታሰበው። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ታች ሲወርድ ግን ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው የታደለው ጫጩት እንጂ የተጣለው እንቁላል አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ሲመጣ ስምሽን ከማስመዝገብሽ በፊት የመኖ ዘር ጠይቂው። በእናንተ ብርድ አጃና ቬች የሚባለው የመኖ ሐረግ ተቀላቅሎ ደህና ይበቅላል። ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ደግሞ አጥርም መኖም ይሆናል።

የገብስ ገለባ ብቻውን ለክልስ ላም አይበቃትም። በዩሪያ አክሚው፦ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ አሟሚና እያርከፈከፍሽ ጠቅጥቂው። አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍነሽ 3 ሳምንት አቆዪው። ከመስጠትሽ በፊት ሽታው እስኪወጣ አናፍሺው። የተረፈውን ዩሪያ ከብትም ልጅም የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ፤ ከላሱት ይገድላል።

ይሄ ከተሟላ ጊደሯን ውሰጂ። እርግዝናዋ ግን በሐኪም እጅ ይረጋገጥ፤ በወሬ «እርጉዝ ናት» ተብለሽ እንዳትቀበዪ። ብትሞት ዕዳው የማን እንደሆነ፣ የቡድን ብድር ከሆነ ደግሞ አንዷ ሳትከፍል ብትቀር ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ባለቤትሽ «መሬታችን ለብድሩ መያዣ ይሆናል» ብሎ ተጨንቆ ከሆነም፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። አበዳሪውን በዚህ ጠይቁት።

መኖው ካልተሟላ ግን ካሉሽ ላሞች የተሻለችውን በተሻሻለ ዘር አስዳቅያት። ጥጃዋ አድጋ እስክትታለብ አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወለድ የለውም። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ካየሻት ያኑ ዕለት ከሰዓት፣ ማታ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። ካለፈች 21 ቀን ገደማ መጠበቅ ነው። የአዳቃዩን የግል ስልክ አሁኑኑ ያዢ። ላም ቅዳሜና እሁድን አታውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን! በዚህ የተነሳ ስንት ላም ሳይዳቀል ጊዜው እንዳለፈበት እኔ ነኝ የማውቀው።

ገበያውንም አስቢበት። በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ ያጣል። ሐምሌ ላይ የተዳቀለች ላም ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች፤ እንገሩ አልቆ ወተቱ ሲበዛ ፋሲካ አልፏል ማለት ነው። በጾም የምታልቢው ካለሽ ቅቤ አውጪው። ብቻሽን ከመሸጥ ደግሞ ሰብስቦ የሚያስረክብ ማኅበር ካለ ግቢ። «ተደራጁ» የሚባለው እኔን የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው።

የጎረቤትሽን ጫጩቶች በሩቁ ሆኜ በዚህ ሞቱ ማለት አልችልም። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ግን ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው። ሌላ ከመውሰዷ በፊት የትኛውን ክትባት መቼ እንደተከተቡ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ የፈንግሉ በየሦስት ወሩ ገደማ ይደገማል። ቤቱንም ታጽዳ፣ ጥቂት ሳምንት ባዶውን ይክረም።