«እልፍ» ስንት ነው? 142857ስ በግዕዝ አኃዝ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ የምኖር የሂሳብ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ 142857ን በግዕዝ አኃዝ ልጽፍላቸው ብዬ «እልፍ» ላይ ተያዝኩ። ዐረብኛ የሚችል ጎረቤቴ «አልፍ ማለት ሺህ ነው» ይለኛል። ያነበብኩት መጽሐፍ አሥር ሺህ ይላል። እኛ ስናወራ ደግሞ «በጣም ብዙ» ለማለት ነው የምንጠቀምበት። የቱን ልያዝ? አንድ ተማሪዬ ደግሞ «ቁጥሩ መደቡ ምንድን ነው? በ3 ይካፈላል?» ብሎ ጠይቆኛል።

መልስ፦ ሁሉም ልክ ነው። የዐረብኛው አልፍና የግዕዙ እልፍ ሥራቸው አንድ ነው። ዐረብኛው ለሺህ ያዘው፣ ግዕዙ ለአሥር ሺህ። ድሬ ላይ ደግሞ በአንድ ገበያ ውስጥ የኦሮምኛው ኩማም፣ የሶማሊኛው ኩንም፣ አልፍም ለሺህ ሲጠራ ይሰማል። ቢያደናግር አይገርምም። በአማርኛ «እልፍ ጊዜ ነገርኩህ» የሚል ሰው ቆጥሮ አይደለም። «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» ስንልም ሐሳባችን ብዛቱ ላይ ነው። አኃዙ ሲጻፍ ግን ፼ ምንጊዜም 10,000 ነው።

የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ለሺህም የራሱ ምልክት የለውም፤ ሺህ ፲፻፣ አሥር መቶ ነው። ስለዚህ ቁጥርዎን ከቀኝ ጀምረው ሁለት ሁለት አሃዝ ይክፈሉት፦ 14፣ 28፣ 57። አሥራ አራት እልፍ፣ ሃያ ስምንት መቶ፣ ሃምሳ ሰባት። ሲጻፍ ፲፬፼፳፰፻፶፯ ይሆናል።

ይህን ቁጥር መምረጥዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። 1 ለ7 ሲካፈል ከነጥብ በኋላ ማለቂያ በሌለው መልኩ የሚደጋገመው እሱ ነው። ከ2 እስከ 6 ባሉት ቁጥሮች ሲባዛ እነዚያው ስድስት አሃዞች ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ አዲስ አሃዝ አይገባም። በግዕዝ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። በ2 ያባዙት፦ ፳፰፼፶፯፻፲፬። በ4፦ ፶፯፼፲፬፻፳፰። ያው ሦስቱ ጥንዶች ዞሩ! በ3 ሲባዛ ግን ፵፪፼፹፭፻፸፩ ነው፤ ጥንዶቹ ሌሎች ናቸው። በ6 ፹፭፼፸፩፻፵፪፣ በ5 ፸፩፼፵፪፻፹፭። ስድስቱ ቁጥሮች ሁለት ቤተሰብ ሆኑ፤ 1፣ 2 እና 4 በአንድ ወገን፣ 3፣ 6 እና 5 በሌላው። ምክንያቱ ግዕዝ በመቶ በመቶ መቁጠሩ ነው። 100 ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ በ2 ማባዛትና አንድ ጥንድ ማዞር እዚህ አንድ ሥራ ናቸው። በተለመደው አኃዝ ስንጽፈው ይህ አይታየንም።

መደቡን ለጠየቀዎት ተማሪ፦ ጎዶሎ ነው፣ ብቸኛ ቁጥር (ለ1 እና ለራሱ ብቻ ያለቀሪ የሚካፈል) ግን አይደለም። 3×3×3×11×13×37 ነውና። «በ3 ይካፈላል» ከማለት «ለ3 ያለቀሪ ይካፈላል» ማለት ይሻላል። «በ»ን ለማባዛት ይተዉት። ሌላም አለ፤ ቁጥሩን በራሱ ሲያባዙት 20408122449 ይመጣል። 20408 እና 122449 ሲደመሩ ተመልሶ 142857 ነው። እንዲህ ያሉት በህንዳዊው የሂሳብ መምህር በካፕሬካር ስም ይጠራሉ።

በ7 ማባዛቱን ለተማሪዎቹ ይተዉላቸው። መልሱ ፺፱፼፺፱፻፺፱ ነው።