ስለ መንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አስተዳደር፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉ የመንግሥት ኮሌጆች በብረታ ብረት አሠልጣኝነት፣ በዲፓርትመንት ኃላፊነትና በምክትል ዲንነት ሠርቻለሁ። ጥያቄ የምታቀርቡት አባላት አብዛኞቻችሁ በዘርፉ ውስጥ ያላችሁ ስለሆናችሁ ደረጃ (ሠልጣኙ የሚወጣው የሥልጠና እርከን) ምን እንደሆነ፣ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናና ማረጋገጫ) ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ በማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። አንድ ማሳሰቢያ ግን ከወዲሁ ይያዝልኝ፦ ስንት ሠልጣኝ እንደምትቀበሉ ከመወሰናችሁ በፊት የሚሠራ ማሽን ቁጠሩ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እንደምለው አውቃለሁ።

ጥያቄ (አዲስ የተሾመ ዲን፣ ከአንድ የወረዳ ኮሌጅ)፦ ጋሼ፣ በብየዳ ደረጃ 2 አርባ ሠልጣኝ እንድንቀበል ዕቅድ ወርዶልናል። የዕቃ ግዥውንም ሆነ ሥልጠናውን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የወረደልህ ቁጥር ዕቅድ ነው፤ አቅምህን ግን አይነግርህም። አቅምህን ለማወቅ ወደ ወርክሾፕ ገብተህ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አስነሣ። በንብረት መዝገብ ላይ አሥራ ሁለት የብየዳ ማሽን ተጽፎ ይሆናል፤ የሚሠሩት ስምንት ናቸው እንበል። አርባ ሠልጣኝ ለስምንት ማሽን ሲካፈል በአንድ ማሽን አምስት ሰው ይደርሳል፤ የአራት ሰዓት የተግባር ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 48 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ የመቁረጫውን ወረፋ፣ የመፋቂያውንና የማጽጃውን ጊዜ፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ቀንስ፤ የሚተርፈው ጊዜ እጅ የሚፈታ አይደለም። የቀሩት አራቱ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ብየዳን ደግሞ በማየት የተማረ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ወይ በሁለት ፈረቃ ከፋፍላቸው፣ ወይ የቆሙትን አራት ማሽኖች አስጠግን፣ ወይ የቅበላውን ቁጥር በጽሑፍ አስቀንስ። «በጽሑፍ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስብሰባ ላይ የተነገረ አቤቱታ በምዘና ውጤት ጊዜ አያድንህም።

ቀጥሎ ያለው የአላቂ ዕቃ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ኮሌጅ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። «ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ በቂ መጠን» የሚል የግዥ ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳረፈ! 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ አንዱ ዘንግ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይበልጥ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ስለዚህ «በቂ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የሙያ ደረጃውን ሰነድ፣ ማለትም ባለሙያው ምን ምን መቻል እንዳለበት የሚዘረዝረውን፣ ክፈት፤ እያንዳንዱን የብቃት አሃድ (የሙያውን አንድ የተለየ ክፍል) ከእነ ልምምዶቹ ዘርዝር፤ ለአንድ ልምምድ ለአንድ ሠልጣኝ ስንት ዘንግ ኤሌክትሮድ፣ ስንት ኪሎ ላሜራ ወይም ቱቦላሬ፣ ስንት የመቁረጫ ዲስክ እንደሚያስፈልግ አሠልጣኞቹን አስቀምጠህ አስላ፤ ለመበላሸት የሚሆነውንም ጨምርበት፤ ተማሪ ስለሆነ ያበላሻል። በዚህ መንገድ የአንድ ሠልጣኝ ወጪ እጅህ ላይ ይኖራል።

ይህ የአንድ ሠልጣኝ ወጪ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገርህ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የበጀት ጥያቄው ደግሞ ከዚያ ወራት አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ አዲሱ ሠልጣኝ ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት ከታወቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁልጊዜ ለማታውቀው ሰው ገንዘብ ትጠይቃለህ ማለት ነው። የአንዱን ወጪ ካወቅህ ቁጥሩ ሲለወጥ ማባዛት ብቻ ነው የሚቀርህ፤ ፋይናንስም ሲቀንስብህ ስንት ሠልጣኝ እንደቀነሰ ታሳየዋለህ። ይህን ስሌት ይዞ የሚመጣ ዲን ባየሁ ቁጥር ግማሹ ችግሩ ተፈታ እላለሁ፤ የማየው ግን በጥቂቱ ነው።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ከአቶቴ)፦ ልጄ በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያ ውጤት አላመጣም። ቴክኒክና ሙያ ይሻለዋል ወይስ እንደገና ይፈተን?

መልስ፦ ይህ የአስተዳደር ጥያቄ አይደለም፤ ልጅዎን ሳላውቅም ልመልሰው አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ልጅዎ ብቻውን አልወደቀም። ይሁን እንጂ ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ሰው መጣያ አድርገው አያስቡት። ልጁ በእጁ ምን መሥራት እንደሚወድ ጠይቁትና የሚገባበትን ኮሌጅ ወርክሾፕ አብራችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ ማሽኖቹንም ቁጠሩ።

ጥያቄ (የጋርመንት አሠልጣኝ)፦ ለትብብር ሥልጠና ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምንልካቸው ሠልጣኞች አንድ መስመር ላይ ተመድበው ወራቱን ሁሉ የሸሚዝ ኪስ ብቻ ሲሰፉ ይከርማሉ። ሲመለሱ እጃቸው ፈጣን ነው፤ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ቆርጦ መጨረስ ግን አይችሉም። ይህ በመመሪያ ላይ 70 በ30 የምንለው፣ አብዛኛው በተግባር የሚሰጠው ሥልጠና ነውን?

መልስ፦ ነው ለማለት እቸገራለሁ። የፋብሪካው የምርት መስመር አንዱን ልብስ በብዙ ጥቃቅን ክንውን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሰው አንዷን ይሰጣል፤ የመስመሩ ተቆጣጣሪም በሰዓት ስንት ቁራጭ እንደወጣ ነው የሚጠየቀው። የሙያ ደረጃው ደግሞ ከቆረጣ እስከ ጥራት ቁጥጥር ድረስ ይዘረጋል። ሁለቱ በራሳቸው አይገጣጠሙም፤ የሚያገጣጥማቸው ከመላኩ በፊት የሚፈረመው ውል ነው። ውሉ ሠልጣኟ በየስንት ሳምንቱ ከየት ወደ የት እንደምትዘዋወር፣ በድርጅቱ በኩል ኃላፊነት የሚወስደው አሠልጣኝ ማን እንደሆነ፣ የሥልጠና መዝገቧን በየሳምንቱ ማን እንደሚፈርም የሚገልጽ ሊሆን ይገባል። በስልክ ተነጋግሮ የተላከ ሠልጣኝ ነፃ ጉልበት ነው።

አስተያየት (የቀድሞ የፋብሪካ የሰው ኃይል ባለሙያ)፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። ፋብሪካው ትምህርት ቤት አይደለም። አንዲት ሠልጣኝ ከኪስ ወደ ኮሌታ በተዛወረች ቁጥር መስመሩ ይዘገያል፤ የዘገየውን ሰዓት ማንም አይከፍለንም። ኮሌጆቹስ የሚልኩት መርፌ ማስገባት የማይችል ሰው አይደለምን?

አስተያየት (ጠያቂዋ አሠልጣኝ)፦ መርፌ ማስገባት የማይችሉ ከሆነ ስለምን ለሰዓታት ያለ ክፍያ ታሠሯቸዋላችሁ?

አስተያየት (ሌላ አባል)፦ ዋናው ችግር እኮ አጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል) ነው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ ከፓርኩ የወጡ ድርጅቶች አሉ፤ የቀሩትም ትእዛዝ ቀንሶባቸዋል። ባዶ መስመር ላይ ማንን ታሠለጥናላችሁ? በዚያ ላይ የደመወዙ ነገር አለ፤ ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥለው የሚሄዱት በሌላ ምክንያት አይደለም።

አስተያየት (የቀድሞ የሰው ኃይል ባለሙያ)፦ የደመወዝ ጉዳይ ከተነሣ የቤት ኪራዩንም አንሡት፤ የሐዋሳን የቤት ኪራይ ያናረው ማን ነው?

መልስ፦ እባካችሁ። የአጎዋም የቤት ኪራይም ክርክር ሌላ ጊዜ ይደረግ፤ እኔ የተጠየቅሁት ስለ ሥልጠና ነው። የሰው ኃይል ባለሙያው ያሉት ግማሹ እውነት ነው፤ መስመሩን በየሳምንቱ ማመሰቃቀል አይቻልም። ነገር ግን እያንዳንዱ ልብስ ፋብሪካ ማለት ይቻላል የናሙና ክፍል አለው፤ በዚያ ክፍል አንድ ባለሙያ ሙሉውን ልብስ ብቻውን ቆርጦ ሰፍቶ ይጨርሳል። ሠልጣኞችን በሁለት በሁለት ተራ አድርጋችሁ ወደ ናሙና ክፍሉ እንዲገቡ ተደራደሩ፤ መስመሩ አይዘገይም። ቀሪዎቹን ደግሞ በከተማው ባሉ ልብስ ሰፊዎችና በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ዘንድ መድቡ። ከገበያው አጠገብ ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ ደንበኛ ለክታ፣ ጨርቅ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ሒሳብ ተቀብላ ትሸኛለች፤ ሠልጣኟ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ታያለች። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ጀምሮ ዐይናችን ሁሉ ወደ እርሱ ብቻ መሆኑ ትንሹን ድርጅት አስረስቶናል፤ የኔ ቅሬታ ይህ ነው። እዚህም ቢሆን አስቀድማችሁ የሚቀበለውን ቦታ ቁጠሩ፤ ሁለት ሰው የሚይዝ ሱቅ ላይ ስድስት ሰው አትላኩ።

ጥያቄ፦ ሲኦሲ መቼ ይጀመራል?

መልስ፦ የምዘና ፕሮግራም የሚያወጣው የክልላችሁ የብቃት ምዘና አካል ነው። እዚያ ይጠየቅ።

ጥያቄ (የአውቶ አሠልጣኝ)፦ ሠልጣኞቻችን በምዘና ብዙዎቹ «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብለው ተመለሱ። ምዘናው ከሥልጠናው ጋር አይገናኝም ብለን ቅሬታ ልናቀርብ አስበናል። ለማን እናቅርብ? ለትምህርት ቢሮ ነው?

መልስ፦ ለትምህርት ቢሮ አይደለም። ዘርፉ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መጥቷል፤ በክልልም ተጠሪነታችሁ ለዚያው ዘርፍ ቢሮ ነው። ነገር ግን ቅሬታውን ከመጻፋችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ምዘናውና ሥልጠናው ሁለቱም ከአንድ የሙያ ደረጃ የተቀዱ ናቸው። መዛኙ ያላሠለጠነው ሰው እንዲሆን የተደረገውም አሠልጣኝ የራሱን ልጅ እንዳያሳልፍ ነው። የወደቁት በየትኛው የብቃት አሃድ ነው? በሞተር ጥገና ከሆነ ስንቱ ሠልጣኝ ሞተር በእጁ ፈትቶ ገጥሟል? አንድ የቆመ ሞተር ለሃያ ሰው አስበህ ከሆነ ምዘናው የነገረህ ይህንኑ ነው። ቁጠር ያልሁት ለዚህ ነው።

ጥያቄ (የፋይናንስ ባለሙያ)፦ በሰኔ የተረፈውን ገንዘብ ተመላሽ ከምናደርግ የወርክሾፕ ዕቃ ብንገዛበት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በዕቅድህ ውስጥ የነበረና የግዥ ሂደቱ አስቀድሞ የተጀመረ ከሆነ ችግር የለውም። ችግሩ በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ዕቃው ግቢ ሳይገባ ሞዴል 19 ሲቆረጥ ነው። ሞዴል 19 ዕቃው መግባቱን የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ ያልገባ ዕቃ የፈረመ የግምጃ ቤት ኃላፊ በኦዲት ብቻውን ይቆማል። የተጣደፈ ግዥ የሚያመጣው ዕቃም ያው ነው፤ ሠልጣኙ ቀጭን ላሜራ ሲፈልግ ወፍራሙ መጥቶ ከወርክሾፑ ጀርባ ይዝጋል።

አስተያየት (የንብረት ክፍል ሠራተኛ)፦ ጋሼ እንደሚሉት ነው። እኛን ፈርሙ የሚሉን ኃላፊዎች ኦዲት ሲመጣ ዝውውር ላይ ናቸው።

አስተያየት (የፋይናንስ ባለሙያ)፦ ንብረት ክፍልም ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ሰነድ) ሳይቆርጥ ዕቃ በቃል የሚያወጣበት ቀን የለም ለማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ሁለታችሁ በቢሯችሁ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ በየሙያው ስንት ሠልጣኝ መቀበል ይገባል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልሻለሁ፤ በሦስተኛውም ደግሜዋለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ (ሥራ ፈላጊ)፦ የብቃት ማረጋገጫዬ በቀድሞው የደቡብ ክልል ማኅተም የወጣ ነው። ክልሉ ከተከፋፈለ በኋላ ዋጋ ያጣል?

መልስ፦ ክልል ቢከፋፈል የተረጋገጠ ብቃት አይሻርም። ቀጣሪው ከተጠራጠረ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠይቅ፤ አንተም መዝገብህ የትኛው ክልል ምዘና አካል ዘንድ እንደሚገኝ አጣርተህ ደብዳቤው ወደዚያ እንዲጻፍ አድርግ።

ጥያቄ (የእንጨት ሥራ አሠልጣኝ)፦ ኮሌጃችን ለውስጥ ገቢ ሲባል ዓመቱን ሙሉ የትምህርት ቤት ዴስክ ያሠራል። ሠልጣኞቹ ከዴስክ ሌላ ሳይሠሩ ደረጃ 3 ላይ ደርሰዋል። ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ የውስጥ ገቢ የሚጠላ ዲን የለም። ሆኖም ዴስኩን ከሥልጠናው ጋር ማስታረቅ የሚቻለው ትእዛዙን ከብቃት አሃዱ ጋር አገናኝታችሁ ስትቀበሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዴስኮች ሥልጠና ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ምርት ናቸውና ለምርት ሠራተኛ ይቀጠር፤ ሠልጣኙም ወደ መሳቢያ፣ ወደ በር፣ ወደ ቀለምና ቫርኒሽ ይለፍ። ገቢው ሙሉ በሙሉ በደረሰኝ ይግባ።

ጥያቄ (አሠልጣኝ)፦ የደረጃ ዕድገቴ ለምን እንደዘገየ ሊነግሩኝ ይችላሉ?

መልስ፦ አልችልም። የሰው ሀብት ክፍልን ይጠይቁ።

ጥያቄ (የኮሌጅ ምክትል ዲን)፦ በእርዳታ የተገኙ ዘመናዊ ማሽኖች በካርቶን እንደታሸጉ ግምጃ ቤት ከርመዋል። የሚያስነሣቸው አሠልጣኝ የለንም። ለሌላ ኮሌጅ እናስተላልፍ ወይስ እናቆይ?

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት ካርቶኑን ክፈቱ። ንብረት ክፍል፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊና የኤሌክትሪክ አሠልጣኝ ባሉበት ተከፍቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ማኑዋሉ፣ መለዋወጫውና የሚፈልገው ኃይል ይመዝገብ። ባለ ሦስት ፌዝ ኃይል የሚፈልግ ሆኖ ወርክሾፑ ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ ችግሩ የአሠልጣኝ አይደለም፤ የመስመር ማስገቢያ በጀት ነው የሚጠየቀው። አሠልጣኝ ብቻ ከሆነ የጎደለው፣ ማሽኑን የሚያሠራ ሌላ ኮሌጅ ወይም ፋብሪካ ፈልጋችሁ አንድ ሰው ለአጭር ጊዜ ላኩ፤ ማሽኑን ከማስተላለፍ ይህ ይቀላል። የብየዳ ዕቃ አብሮ ካለ ደግሞ ኤሌክትሮዶቹን ተመልከቱ። 7018 የሚባለው ዓይነት እርጥበት ይስባል፤ ካርቶኑ ተቀዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከከረመ የብየዳው ስፌት ቀዳዳ ያወጣል፣ ይሰነጠቃልም። በማድረቂያ ምድጃ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳይደርቅ ለሠልጣኝ አይሰጥ፤ ምድጃ ከሌላችሁ 6013 የሚባለውን ዓይነት ኤሌክትሮድ ግዙ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ማሽን እንደተነሣ ቁጠሩና የሚቀጥለውን ዓመት የቅበላ ዕቅድ በዚያ ቁጥር ላይ ጻፉ።