ጉዱ ካሣን አታስቀሩት

ሰሞኑን አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ጅማ፣ አጂፕ ጋ አግኝታኝ «ጋሼ፣ የድሮ አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ወደ ዛሬ ዘመን አምጥቼ ልብ ወለድ ልጽፍ ነው። መጨረሻ ላይ ፍቅረኞቹ ባይሞቱስ? ነውር ይሆናል?» አለችኝ። «ምን ነውር አለው» ብያት ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ወጣት ሳለሁ፣ እዚሁ ጅማ፣ የነበረን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ብቻ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው ጠፉ። ተማሪው ግን ወረፋ መያዙን አልተወም። (ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው የሰማችሁ ታድላችኋል። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።)

አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጽሐፉን መለሰች። ስገልጠው ከኋላው ከሒሳብ ደብተር የተቀደዱ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀቶች በጥቁር ክር ተሰፍተዋል። ወረቀት ለመቆጠብ ፊደሉን አድቅቃ፣ በሰማያዊ ቢክ፣ መጨረሻውን ራሷ ጽፋዋለች።

በእሷ ታሪክ ሰብለ ወንጌል ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ከጎጃም ወጥታ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ትደርሳለች። ፍቅረኛዋ በዛብህ እዚያ ለነጋዴ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። ውሃ ቀድታ የማታውቅ የፊታውራሪ ልጅ ቡና መልቀም ትለምዳለች። ሁለቱም ይኖራሉ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙውን ገጽ የሰጠችው ከፍቅረኞቹ ጎን ለቆመው ለጉዱ ካሣ ነው። ካሣ ጎጃም ቀርቶ ያረጃል። በየገበያው ቀን ነጋዴ እያስቆመ ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ ይጠይቃል። መኖራቸውን የሚነግረው አያገኝም። ፍቅረኞቹ ተርፈው እንኳ እንባዬ መጣ።

ከእሷ በኋላ የተዋሱት ሁሉ የሐዲስ አለማየሁ ጽሑፍ መሰላቸው። ሙሉው ቅጂ መጥቶ ሦስቱም በአንድ መቃብር እንዳረፉ ሲያነቡ ጭቅጭቁ ሌላ ሆነ። ልጅቷ ግን ያኔ ከቤተሰቧ ጋር ከጅማ ወጥታ ነበር። እንዴት አሰበችው ብዬ ልጠይቃት አልቻልኩም። ያም መጽሐፍ፣ እኔ ዓመት ፈቃድ ላይ ሳለሁ፣ «ያረጁ ይወገዱ» ተብሎ ከሌሎች ጋር በጆንያ ወጣ። የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ይሆናል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ልጆች የምትጽፉትን ቴሌግራም ላይ አያለሁ። ሁለት ቆንጆዎች፣ ካፌ፣ ቴክስት፣ ቅናት፣ ከዚያ ሞት። እናት የለች፣ ጎረቤት የለ። ማንበብ ትታችኋል እላለሁ። መልሼ ሳስበው ደግሞ እኛ በአንድ መጽሐፍ ስንሰለፍ እናንተ በስልካችሁ ስንቱን ታነባላችሁ። ደራሲው ግን ከዚያ ፒዲኤፍ ሳንቲም እንደማያገኝ እወቁ።

የድሮውን ታሪክ ስታዘምኑ መጀመሪያ ፍቅረኞቹን የሚለያየውን ግድግዳ ፈልጉት። ሮሚዮና ጁልየትን የገደላቸው የቤተሰቦቻቸው ጥል ብቻ አይደለም። ደብዳቤ የያዘው መነኩሴ በወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተዘግቶበት መልእክቱ ሳይደርስ ቀረ። ስልክ ስትሰጧቸው ያ ሞት ይፈርሳል፤ ሌላ ምክንያት ማምጣት አለባችሁ። ክሎዊ ጎንግ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው የወጣቶች ልብ ወለድ ጥሉን ወደ 1926 ሻንጋይ፣ ወደ ሁለት የወንበዴ ቡድኖች ወሰደችው። ደራሲዋ ማሎሪ ብላክማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ግድግዳውን የቆዳ ቀለም አደረገችው። በዛብህንና ሰብለን የለያያቸው ዘር ቆጠራና የበዛብህ ወላጆች እሱን ለእግዚአብሔር የተሳሉት ስለት ነበር። የጅማው ግድግዳ የቱ ጋ እንደቆመ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሃይማኖት ነው? ብሔር ነው? ወይስ አረብ አገር የሄደች እህት የምትልከው ብር?

ሞትን ደግሞ የፍቅር ማረጋገጫ አታድርጉት። ጁልየት 14 ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ልጅ ናት! ስለዚህ አዎ፣ ይኑሩ። ግን መኖራቸው አንድ ሰው ላይ ዕዳ ይጣል፤ ያለዚያ የሰርግ ቪዲዮ ነው የሚሆነው። የእነሱን ፍቅር የተሸከመ አንድ ትልቅ ሰው፣ አጎት ይሁን አስተማሪ፣ መጽሐፉ ውስጥ ይኑር። የእሱንም ምዕራፍ እንደ ፍቅረኞቹ ምዕራፍ ተጨነቁበት።