ጥናቴ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ከሆነ ለምን ልድከም?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የባዮሎጂ ተመራቂ ነሽ፤ የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ ልታስገቢ ነው። በምርምር መቀጠል ትፈልጊያለሽ። ግን ካንቺ በፊት የተመረቁት ልጆች ወረቀት ዲፓርትመንቱ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ እያየሽ ልብሽ ከዳሽ። ቤተሰብ ደግሞ «ባንክ ግቢና ተገላገይ» ይልሻል። የጻፍሽልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ምርምር እውነት ለሰው ይጠቅማል?

ይጠቅማል። ሁሉም ግን አይደለም። ከመጀመሪያው «መልሱን የሚጠብቀው ማነው?» ተብሎ የተጀመረው ነው የሚጠቅመው።

ፍሬው እንደ ሳሙና የሚያገለግለውን ተክል፣ የእንዶድን ነገር ላንሳልሽ። ባዮሎጂ ተምረሽ ስሙን ሳትሰሚ አትቀሪም፤ እንዴት እንደተጀመረ ግን ብዙ ተማሪ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አሜሪካ ተምረው በተመለሱ ማግስት ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከጠፋ መተላለፊያው ይዘጋል።

ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተር አክሊሉ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው፤ ወንዝ ዳር፣ በአንዲት ልብስ አጣቢ እጅ።

ሴቶቹ እንዶድን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዩኒቨርሲቲው የጨመረው ሌላ ነው። የትኛው ዓይነት ነው የሚበረታው? ምን ያህሉ ይበቃል? ዓሣንም ስለሚገድል የት ቦታ ቢጨመር ነው ጉዳቱ የሚቀንሰው? የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነት እየሰበሰቡ አወዳድረው «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። ይህ ዓመታት የፈጀ፣ ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማከብረው ይህንን ክፍል ነው። ከውጭ የሚገዛው የቀንድ አውጣ መድኃኒት ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን አገር ቤት ይበቅላል፣ ውሃ ውስጥም ቶሎ ስለሚበሰብስ መርዙ አይቆይም።

የሥራው ፍሬ ቶሎ አልመጣም። የውጭ ተቋማት የደኅንነት ምርመራው በሚያውቁት ደረጃ ካልተሠራ አናምንም እያሉ ነገሩ ተጓተተ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከዓድዋው ሙከራ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። አሜሪካ ውስጥ በታላላቆቹ ሐይቆች ዚብራ መስል የሚባል ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት ተባዝቶ የውሃና የኃይል ማመንጫ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታየ፤ በዚህ አጠቃቀም ላይ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) መብት ያወጣው ግን የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። እውቀቱ የኢትዮጵያ ሴቶች ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ለማን ነው የሚለው ክርክር የተነሳውም በዚህ ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው። ላንቺም የሚነግርሽ ነገር አለ፦ ባዮሎጂም የአእምሯዊ ንብረት ሕግም የሚያውቅ ሰው አገራችን በጣም ያስፈልጋታል። ይህም የሙያ መስክ ነው፤ ብዙ ተወዳዳሪም የለበትም።

ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዝርያ ደግሞ ባጭሩ። ምርቱ ብዙ የሆነ ዝርያ ቀድሞም ነበር፤ ቀለሙ ግን እንደ ነጩ ገበያ ላይ አልተወደደም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ምርታማውን ከነጩ ጋር አዳቀሉና እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ወጣ፤ ገበሬውም ወደደው። ገዢው ምን እንደሚመርጥ ታሰበበታ!

አሁን ወዳንቺ እንምጣ። ርዕስ ከማስገባትሽ በፊት አንድ ቀን ከግቢ ውጪ። ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ወይም ፍሳሹ ወንዝ የሚገባ ፋብሪካ አጠገብ ያሉትን ሰዎች አናግሪ። «ምን ቢታወቅላችሁ ይጠቅማችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። አማካሪ ስትመርጪም የመምህሩን የቀድሞ ተማሪዎች ፈልጊና ውጤታቸው ለማን እንደተሰጠ ጠይቂያቸው። መልሱ «ለማንም» ከሆነ ሌላ አማካሪ ፈልጊ። ስታትስቲክስን ደግሞ አደራ፣ በደንብ ያዢ። ምርምር ቤት በር የሚከፍትልሽ እሱ ነው።

ጥናትሽ ሲያልቅ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፈሽ ላናገርሻቸው ሰዎች ውሰጂላቸው። ዩኒቨርሲቲሽ የማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ካለው ለእሱም ስጪ። ሥራ ስትጠየቂ የምታሳዪው ነገር ይሆንሻል።

ስለ ባንኩ፦ ቤት ውስጥ የሚጠብቅሽ ሸክም ካለ ግቢ፣ ምንም አያሳፍርም። ግን «ምርምር» ስትይ ፒኤችዲ ብቻ አይታይሽ። ላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ መረጃ ሰብሳቢ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ ሁሉም የዚሁ ሥራ አካል ናቸው። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን፣ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትንና የግብርና ምርምር ማዕከላትን ማስታወቂያ መከታተል አሁኑኑ ጀምሪ። የሙከራ ቅጥር ወይም ልምምድ ካገኘሽ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ከቤተሰብ ጋር ተመካከሪና አንድ ዓመት ስጪው። ከዚያ በኋላ ስለ ማስተርስ ብንነጋገር ይሻላል፤ የትኛውን ጥያቄ ይዘሽ እንደምትገቢ ያኔ ታውቂዋለሽ።

ያሰብሻቸውን ርዕሶች ላኪልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።