አዲስ ፒርሲንግ፣ ብዙ ጥያቄ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፒርሲንግ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ትቼዋለሁ።

«ፒያሳ አካባቢ የላይኛውን ጆሮዬን ከተበሳሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጠዋትና ማታ በአልኮል እጠርገዋለሁ፣ እንዳይጣበቅ ሎቲውን አዞረዋለሁ፣ ግን ማበጡን አልተወም። ምን ልጨምርበት?» (ከአራት ኪሎ)

እህቴ፣ ምንም አትጨምሪ፣ ይልቅ ቀንሺ። አልኮል ጀርሙን መርጦ አይገድልም፣ እየበቀለ ያለውን አዲስ ቆዳም አብሮ ያቃጥላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ያው ነው። ማዞሩ ደግሞ የድሮ ምክር ነው፤ ጠዋት ስትነሺ ሎቲው ዙሪያ የደረቀች ቢጫ ቅርፊት አለች አይደል፣ ስታዞሪው እሷ ወደ ውስጥ ትገባና ሌሊቱን ሙሉ ሲሽር ያደረውን ትቀደዋለች። ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን ግዢ፣ 0.9 በመቶ ጨው ያለው ንጹሕ ውሃ ነው። ትንሹ ይበቃሻል፣ ምክንያቱም አንዴ ከተከፈተ ለሳምንታት አይቀመጥም። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጎዝ በሳላይኑ አርጥበሽ ከፊትም ከኋላም ጥቂት ደቂቃ ያዢበት፣ ቅርፊቱ ሲለሰልስ በራሱ ይለቃል። በቀን ሁለቴ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ አለቀ። ጥጥ አይሁን፣ ክሩ ሎቲው ላይ ይጠመጠማል። የቤት ጨው መበጥበጥም ይቅር፣ አብዛኛው ሰው ጨው ያበዛና ቁስሉን ያደርቀዋል። ደግሞ ትዕግሥት አድርጊ፦ ታችኛው ለስላሳው ጆሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲበቃው፣ ላይኛው የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል። በዚያ ጎን አትተኚ።

«እናቴ ቅቤ ቀቢው ትለኛለች። ጎረቤታችን ቴትራሳይክሊን። ማንን ልስማ?»

ሁለቱንም አመስግኚና ሁለቱንም ተያቸው። ቅባት ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ መውጣት ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። የእናቶቻችን ጆሮ በመርፌና በክር ተበስቶ፣ ቅቤ ተቀብቶ ድኗል፣ እውነት ነው፤ ግን የተበሳው ታችኛው ነው፣ እሱ ደግሞ ይቅር ባይ ነው። ሹሩባ ልትሠሪ ከሆነ ሠሪዋ ከጆሮሽ ራቅ አድርጋ ትጀምር። የጸጉር ቅቤ ፀሐይ ሲመታው ቀልጦ የሚወርደው ከጆሮ ኋላ ነው። ነጠላም ስትከናነቢ ተጠንቀቂ፣ ዘርፉ ሎቲው ላይ ሲያዝ የሚያመውን ያየ ያውቀዋል።

«ቢሮ ስገባ አወጣዋለሁ፣ ማታ እመልሰዋለሁ። ችግር አለው?» (ወንድ፣ ካዛንቺስ)

አለው ወንድሜ። አዲስ ቀዳዳ በሰዓታት ውስጥ ይጠባል፣ ማታ ስትመልሰው በየቀኑ እንደ አዲስ እየተበሳህ ነው። ወይ አለቃህን አስፈቅድ፣ ወይ ሲሽር አውጣው።

«እምብርቴን ከተበሳሁ ሁለት ወሬ ነው። ፍል ውሃ ብገባ ያድነዋል ይሉኛል።»

ሻወር ትችያለሽ፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን አይሆንም። ከመሬት ሙቅ ሆኖ ወጣ ማለት ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። የሆቴል መዋኛም ያው ነው። እምብርት እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል ወገቡን የሚያጠብቅ ሱሪም ይቆይ።

«ጎኑ ላይ ትንሽ ጉብታ ወጣችብኝ። ኬሎይድ ነው? ላውጣው?»

ምናልባት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትወጣ ትንሽ ጉብታ ብዙ ጊዜ የመነካካት፣ የመተኛት ወይም የርካሽ ብረት ውጤት ናት። ኒኬል ያለበት ጌጥ ያሳክካል፣ ያቀላል፤ ቲታኒየም ወይም ጥሩ ወርቅ አድርጊ። ኬሎይድ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ያድጋል፣ በራሱም አይመለስም፣ በቤተሰብ ካለ ደግሞ ባትበሺ ይሻላል። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን አያዋጣም፣ ይመለሳል። የቆዳ ሐኪም መርፌ ይሰጥበታል፣ ለምሳሌ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። መግሉ አረንጓዴ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ካተኮሰሽ ግን ያኔውኑ ሐኪም ቤት። ሎቲውን ራስሽ አታውጪው፣ ቀዳዳው ሲዘጋ መግሉ ውስጥ ይታፈናል። አሞክሲሊን ገዝቶ መዋጥም የከተማችን አመል ነው፤ የላይኛውን ጆሮ በብዛት የሚያጠቃው ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ለአሞክሲሊን አይበገርም።

«ምላሴን ተበሳሁ። ክትፎ መቼ ልብላ?»

እብጠቱ እስኪጎድል ታገሥ፣ ሚጥሚጣውን በተለይ። በረዶ ምጠጥ፣ አልኮል የሌለው የአፍ መጉመጥመጫ ተጠቀም። እብጠቱ ሲወርድ ደግሞ የበሳህ ሰው ጋ ተመልሰህ ዘንጉን በአጭር አስቀይር፣ ረጅሙ ጥርስ ይሸርፋል።