የአይቢኤም አይ አይፒ አድራሻ ሲቀየር፦ አሮጌውን ከማጥፋትህ በፊት አዲሱን ጎኑ አቁም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንዲህ ነው የተረዳሁት። የድርጅታችሁ አይቢኤም አይ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ኤኤስ 400 የምንለው የአይቢኤም ሰርቨር፣ ወደ አዲስ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍል) ሊዛወር ነው። ሲኤፍጂቲሲፒ (CFGTCP) ብለህ ወደ ቲሲፒ ማዋቀሪያ ሜኑ ገብተህ በ1 ቁጥር የኢንተርፌሶቹን፣ ማለትም ማሽኑ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅባቸውን አድራሻዎች፣ ዝርዝር አገኘህ። እዚያው ዝርዝር ላይ በ2 ልትቀይረው ስትል ሌላ ሌላውን ያስነካሃል፣ አድራሻውን ግን እምቢ አለህ። በ4 ልታጠፋው ስትል ደግሞ ሩቶች (ወደ ሌሎች ኔትወርኮች የሚወስዱ መንገዶች) መድረሻ ያጣሉ ብሎ ከለከለህ። አሁን ሩቶቹን ሁሉ ደምስሰህ ከባዶ ለመጀመር አስበሃል።

ተው፣ አትንካቸው። ማሽኑ የከለከለህ በምክንያት ነው። አይቢኤም አይ ላይ ኢንተርፌስ የሚታወቀው በአይፒ አድራሻው ነው። ስለዚህ አድራሻ አይታረምም፤ ይጨመራል ወይም ይጠፋል። የጌትዌይህ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሻግረው መሣሪያ) አድራሻ የሚደረሰው በዚያ ኢንተርፌስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሩቱ እያለ ኢንተርፌሱን አያስጠፋህም።

እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ የምከተለው መንገድ ማጥፋትን የመጨረሻ ማድረግ ነው። አንድ የኔትወርክ መስመር ከአንድ በላይ አድራሻ ይሸከማል። አሮጌው 10.1.1.20 ቢሆንና አዲሱ 10.20.5.20 ቢሆን፣ ሁለቱም በአንድ ላይን ዲስክሪፕሽን (የአንድ ኔትወርክ ፖርት ቅንብር) ላይ አብረው መሥራት ይችላሉ። ተጠቃሚው በአሮጌው እየሠራ አንተ አዲሱን ትፈትሻለህ። ማታ ቢሮ ማደር፣ ሁሉንም ሰው ማስወጣት አያስፈልግም። ለአድራሻ ለውጥ ብለው ቲሲፒን በሙሉ የሚያጠፉ ሰዎች አሉ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ሁለቱም ሰብኔቶች ማሽኑ በተሰካበት የስዊች ፖርት ላይ መድረስ አለባቸው። የኔትወርክ ሰዎቹን አስቀድመህ ጠይቅ። ፖርቱ ለአንድ ቪላን (ስዊቹ ላይ ለተከፈለ አንድ ኔትወርክ) ብቻ የተሰጠ ከሆነና መለወጥ ካልፈለጉ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ሌላ ባዶ ፖርት ተጠቀም። ለእሱ የራሱን ላይን ዲስክሪፕሽን ትፈጥርለታለህ።

ከመጀመርህ በፊት ኮንሶሉ እንደሚሠራ አረጋግጥ። በቴልኔት (በኔትወርክ በኩል በሚከፈት ስክሪን) ገብተህ ያንኑ የገባህበትን ኢንተርፌስ ብትዘጋው ስክሪንህ ይሞታል፤ ለመክፈት የምትገባበት በርም የለህም። ኤችኤምሲ (ማሽኑን የሚያስተዳድር የተለየ ኮምፒውተር) ካላችሁ ኮንሶሉን ከዚያ ክፈት። የላን ኮንሶል ከሆነ አድራሻው የሚዋቀረው በሰርቪስ ቱልስ (በማሽኑ የጥገና መሣሪያዎች) በኩል ነው፤ ሲኤፍጂቲሲፒ ላይ የምትሠራው ነገር አይነካውም። ያንንም ማዛወር ካለባችሁ ለብቻው፣ በሌላ ቀን አድርጉት። ከዚያ ሲኤፍጂቲሲፒ ላይ በ1 (ኢንተርፌስ) እና በ2 (ሩት) ቁጥር ያሉትን ዝርዝሮች በኤፍ6 አትምና አስቀምጥ። ይህን ሁሉ የምትሠራበት ዩዘር የአይኦ ሲስተም ኮንፊግሬሽን ልዩ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና መጀመሪያ መስመሩን እይ። ላይን ዲስክሪፕሽኑ ላይ ፍጥነቱና ዱፕሌክሱ (በአንድ ጊዜ ይልክና ይቀበል እንደሆነ የሚወስነው) ምን እንደሚል ተመልከት። በቆዩ ማሽኖች ላይ 100 ሜጋ ፉል ተብሎ በእጅ የተቆለፈ ታገኛለህ፤ ስዊቹ ግን በአውቶ ተቀምጧል። እንዲህ ሲሆን ስዊቹ የሌላውን ወገን ዱፕሌክስ ማወቅ ስለማይችል ሃፍ ላይ (በተራ መላክና መቀበል) ይወድቃል። የሚያታልለው ነገር ፒንግ ምንም ሳይል ያልፋል። ትልቅ ፋይል በኤፍቲፒ ስትልክ ግን ይንፏቀቃል። ሰዎች ፕሮግራሙን፣ ዲስኩን፣ ዳታቤዙን ሲወቅሱ ይከርማሉ። ሁለቱም ወገን አውቶ፣ ወይም ሁለቱም የተቆለፈ ይሁን። ይህን ለመቀየር መስመሩ ቫሪ ኦፍ (ዝግ) መሆን ስላለበት ግንኙነት ይቋረጣል። ስለዚህ ይህችን ብቻ ሰው በሌለበት ሰዓት ሥራት።

መስመሩ ደህና ከሆነ በ1 ቁጥር አዲሱን አድራሻ ከትክክለኛው ማስክ ጋር ጨምር። ላይን ዲስክሪፕሽኑ ያው የድሮው ነው። አውቶ ስታርት የሚለው የስ መሆኑን እይ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ከአይፒኤል (ዳግም ማስነሳት) ሲነሳ አድራሻው ሳይነሳ ይቀራል። ከዚያ ጎኑ 9 ብለህ አስነሳውና በኤፍ11 ሁኔታውን ተመልከት። አክቲቭ ካለ በዚያው ሰብኔት ውስጥ ካለ ፒሲ ፒንግ አድርገው።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ሰው የሚጠፋው ሩቱ ላይ ነው። አዲሱ አድራሻ በራሱ ሰብኔት ይመልሳል፣ ከሌላ ቅርንጫፍ ግን ዝም ይላል። ጥያቄው ማሽኑ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱ ግን አሁንም በአሮጌው ጌትዌይ ነው የሚወጣው። መሀል ያለው ፋየርዎል የመሄጃውን መንገድ ሳያይ የመመለሻውን ብቻ ሲያይ ይጥለዋል። ስለዚህ በሲኤፍጂቲሲፒ 2 ቁጥር ሁለተኛ ዲፎልት ሩት (ሌላ የተለየ መንገድ ለሌለው ሁሉ የሚያገለግል) ጨምር፤ ኔክስት ሆፑ (ቀጣዩ ማለፊያ) አዲሱ ጌትዌይ፣ ለምሳሌ 10.20.5.1 ይሁን። ፕሪፈርድ ባይንዲንግ ኢንተርፌስ (ሩቱ የሚታሰርበት አድራሻ) የሚለውን ባዶ አትተወው፣ አዲሱን አድራሻ ስጠው። አሮጌውንም ሩት ከአሮጌው አድራሻ ጋር እሰረው። ያኔ ሁሉም በመጣበት በር ይመለሳል። ይህች አንዲት መስመር ብዙ የፋየርዎል ጭቅጭቅ ታስቀራለች፤ ማሽኑ ራሱ ወደ ውጭ ግንኙነት ሲከፍትም በየትኛው አድራሻ እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት።

ቀጥሎ ስም። በ12 ቁጥር የሆስት ስሙን፣ ዶሜኑንና የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹን (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙትን) ታያለህ፤ እስከ ሦስት ዲኤንኤስ ይቀበላል። በ10 ቁጥር ሆስት ቴብሉ፣ ማሽኑ ላይ ያለው የስምና የአድራሻ ዝርዝር፣ አለ። የማሽኑ የራሱ ሙሉ ስም ወደ አዲሱ አድራሻ መተርጎሙን አረጋግጥ። ስሙ የትም ካልተገኘ ወይም አሮጌውን ካሳየ ኢሜይል የሚልኩ ፕሮግራሞችና የድር አስተዳደሩ ያለ ግልጽ ምክንያት ያስቸግራሉ። ኔትወርክ አትሪቢዩትስ በሚባለው ውስጥ ያለውን የሲስተም ስም ግን እንዳትነካው። እሱ ማሽኑ በ1988 ሲወጣ ዋና ቋንቋው ኤስኤንኤ (የአይቢኤም የራሱ የቆየ የኔትወርክ ፕሮቶኮል) ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፤ ከአይፒ ጋር ምንም አያገናኘውም።

አዲሱ ሰብኔት በማሽኑና በተጠቃሚው መሀል ፋየርዎል ካመጣ ፖርቶቹን ቀድመህ አስከፍት። ለቴልኔት 23፣ ለተመሰጠረው 992፤ ለፖርት ማፐሩ (አገልግሎቱ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚነግረው) 449፤ ለዲዲኤም (ከርቀት ዳታ ማግኛ) 446፤ ለሆስት ሰርቨሮቹ (ለፒሲ ፕሮግራሞች አገልግሎት የሚሰጡት) ከ8470 እስከ 8476፣ ሲመሰጠሩ ከ9470 እስከ 9476። ሰዎች ስክሪኑ ተከፈተልኝ ብለው 23ን ብቻ ያስከፍቱና ኦዲቢሲው (ፒሲው ዳታቤዙን የሚያነብበት) ለምን እንደማይሠራ ይገርማቸዋል። ሌላው ደግሞ ሠራተኛው ምሳ በልቶ ሲመለስ ስክሪኑ ተቆርጦ ማግኘት ነው። በሲኤፍጂቲሲፒ 3 ቁጥር ያለው የቲሲፒ ኪፕ አላይቭ (ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት እንዳለ የሚፈተሽበት ጊዜ) ሳይነካ ሲቀር 120 ደቂቃ ነው፤ ብዙ ፋየርዎል ደግሞ ዝም ያለ ግንኙነትን ከዚያ በፊት ይቆርጣል። ከፋየርዎሉ ገደብ በታች አውርደው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አድካሚው ነው፤ አሮጌው አድራሻ በእጅ የተጻፈባቸውን ቦታዎች ማደን። የእያንዳንዱ ፒሲ አክሰስ ክላየንት (ወደ ማሽኑ መግቢያ ፕሮግራም)፣ የኤፍቲፒ ስክሪፕቶች፣ ሲኤል (የማሽኑ የትእዛዝ ቋንቋ) ፕሮግራሞች ውስጥ የተቀበሩ ቁጥሮች። የሶርስ ፋይሎቹን በኤፍኤንዲኤስቲአርፒዲኤም (FNDSTRPDM) የፍለጋ ትእዛዝ ፈልግ። ያገኘኸውን ሁሉ ወደ ስም ቀይረው፣ ወደ አዲስ ቁጥር አይሁን።

ማን በአሮጌው እንደቀረ ለማየት ኔትስታት (የግንኙነቶች ማሳያ ሜኑ) 3 ቁጥር ገብተህ በኤፍ15 በማሽኑ በራሱ አድራሻ አጣራ። ዝርዝሩ ሲመናመን አሮጌውን ኢንተርፌስ በኢንተርፌሶቹ ዝርዝር ላይ በ10 ቁጥር ዝጋው፣ አውቶ ስታርቱንም ኖ አድርገው፤ ገና አታጥፋው። የወር መዝጊያ ሥራ እስኪያልፍ ጠብቅ፤ በወር አንዴ ብቻ የሚነሳ ጆብ ሁልጊዜ አይጠፋም። ቅሬታ ካልመጣ መጀመሪያ አሮጌውን ዲፎልት ሩት አጥፋ፣ ከዚያ ኢንተርፌሱን፣ በመጨረሻ ሆስት ቴብሉ ላይ የቀረውን አሮጌ መስመር።