መቅረቷን ማን አየ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ኮምቦልቻ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራማችን በፊት አዳራሽ ይሞላ ነበር። አሁን ሃያ ሰው ከመጣ ተመስገን ነው። ሽማግሌዎች «ወጣቱን ያዙት፣ እንዳይበተን» ይሉናል። እኛ ደግሞ አዲስ ስፒከር ይገዛልን ብለናል። እውነቱን ልንገርዎ፣ አገልግሎቱ ለምን እንደሆነ ለራሴም ጠፍቶብኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ «ጠፍቶብኛል» የሚል የኮሚቴ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ተባረክ።

በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ ነበር። ሰባት ወጣቶች ሆነን ሆጤ አካባቢ አንድ ጓዳ ውስጥ እንሰበሰባለን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ቡና ይፈላል፤ ሰው ድንገት ከገባ ቡና ጠጪዎች ነን። ጎረቤታችን ሙስሊም እናት ነበሩ። ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተሉ፣ የማያውቁት ሰው ብቅ ካለ ጮክ ብለው ይስሉልናል። ከሰባት አንድ ከቀረ ሳይመሽ ቤቱ እንሄዳለን። ያኔ መቅረት መታሰር ሊሆን ይችላላ!

አምና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አወራችኝ። ከገጠር መጥታ ፋብሪካ የገባች ናት። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ፈረቃዋ ስለሚቀያየር ቅዳሜ ከሰዓት ወይ ማሽን ላይ ናት ወይ ተኝታለች። ሁለት ወር ከቤተ ክርስቲያን ስትቀር ማንም አልጠየቃትም። «መዘምራን ውስጥ ስላልነበርኩ ይሆናል» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያኗ የእናንተ ትሁን የሌላ፣ አልጠየቅኳትም።

በ1780 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ግሎስተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሮበርት ሬይክስ የሚባል ጋዜጣ አሳታሚ ሰንበት ትምህርት ቤት አስጀመረ። ልጆቹ ስድስት ቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ እሑድ ማንበብ ተማሩ። ሰዓቱ የተመረጠው ለልጆቹ እንዲመች ነበር። የናንተ ቅዳሜ ለማን ነው የሚመቸው?

ሌላም አለ። አንድ ወጣት ፕሮግራም ላይ «አክስቴ ሙስሊም ናት፤ ለአረፋ ስትጠራኝ ሥጋውን ልብላ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። መሪው «በኋላ እናያለን» ብሎ ወደ መዝሙር አለፈ። ወሎ ተወልዶ ይሄንን ማለፍ! (እኔ ብላ ባይ ነኝ። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10ን አብራችሁ አንብቡና ተከራከሩ።) ጌታችን ራሱ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ነው።

ስፒከሩ ይቆይ። መዝገቡን አውጣና ከመስከረም ወዲህ የጠፉትን ስም ጻፍ። የፋብሪካዎቹን ልጆች ፈረቃ ጠይቅ። አዳራሽ መምጣት ካልቻሉ እናንተ ከእህቶች ጋር ሆናችሁ ሂዱ። ዳቦና ቡና ያዙ። ክፍሉ ጠባብ ነውና ከአራት በላይ አትሁኑ። የሌሊት ፈረቃ ያደረች ልጅ ካለች ደግሞ እስክትነቃ ጠብቁ።